ማዕድን ማውጫው በተዘጋበት ከተማ ባዶ የቀረውን ቦታ ከነዋሪው ጋር እንዴት መልሶ ማልማት ይቻላል?

ሎስ-አን-ጎሄል ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከላንስ ከተማ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 7 ሺህ አይሞላም። ከ100 ዓመት በላይ እንጀራዋ የድንጋይ ከሰል ነበር። በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የከሰል ሥራው አበቃ። ሥራው ሄደ፣ ጥቁሩ ክምር ቀረ። ከከሰሉ ጋር ከመሬት ሥር የወጣው ድንጋይ ሲከመር ኖሮ ሁለት መንታ ተራራ ሆኗል። ጫፉ ከባሕር ጠለል 186 ሜትር ላይ ነው።

ዛሬ ሰው ልጁን ይዞ በእግሩ ይወጣዋል። በ2012 ደግሞ የአካባቢው የማዕድን ቀጠና በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፣ ባለሙያ ብቻውን ያመጣውም አይደለም። ማዕድን አውጥቶ ባዶ በቀረ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ፣ ወይም እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ መንገዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን በእግር ዙሩት

ፕላን አትሳሉ። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ እና ማታ እየሄዳችሁ እዩ። ማን ያልፋል? ልጆች የት ይጫወታሉ? ሴቶች ሲመሽ የትኛውን ጥግ ይሸሻሉ? ሣሩ መሐል ሰው ረግጦ ያወጣውን ቀጭን መንገድ በደንብ ተመልከቱ። ነዋሪው ማንም ሳይጠይቀው መንገዱ የት መሆን እንዳለበት በእግሩ ጽፎላችኋል።

ጡረታ የወጡ ማዕድን ሠራተኞችን ይዛችሁ ዙሩ። ጉድጓዱ የት እንደነበር፣ መታጠቢያ ቤቱ የት እንደቆመ፣ ውሃው ወዴት ይፈስ እንደነበር ያውቃሉ። የሚነግሯችሁን ጻፉት። ሎስ-አን-ጎሄል ገና ማዕድኑ ሳይዘጋ፣ በ1984፣ ከንቲባው ማርሴል ካሮን ጎሄሊያድ የሚባል ፌስቲቫል ጀምረው ነበር። ነዋሪው የራሱን ታሪክ የሚያወራበት መድረክ ነው። አካባቢው ሁሉ ጥቁሩን ክምር እንደ እድፍ ያይ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። እኔ ትልቁ ሥራ የተሠራው ያኔ ይመስለኛል። በታሪኩ የሚያፍር ሰው ደጁን አያለማም።

አፈሩን ሳታስመረምሩ ምንም አትትከሉ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በማዕድን ቦታ አፈር ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት፣ እንዲሁም አርሰኒክና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ዓይን አያያቸውም፣ ሽታም የላቸውም። በብዛት የሚጎዱት ደግሞ እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናት ናቸው።

ናሙና መውሰድ ከባድ አይደለም። ቦታውን በዚግዛግ እየሄዳችሁ ከ10 እስከ 15 ነጥብ ምረጡ። በየነጥቡ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩና አንድ እፍኝ አፈር አውጡ። ሁሉንም በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅሉ። የቆርቆሮ ባልዲ አይሆንም፣ ዚንኩ ውጤቱን ያበላሻል። ድንጋዩንና ሥሩን ለቅማችሁ ግማሽ ኪሎ ያህል በፌስታል አድርጉ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፣ ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። ቦታው ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ ከሆነ፣ ለየብቻ ውሰዱ። ልጆች የሚጫወቱበትን ደግሞ ሁልጊዜ ለብቻው።

ውጤቱ መጥፎ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ሳጥን ሠርታችሁ፣ ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ከውጭ በመጣ ንጹሕ አፈር መሙላት ትችላላችሁ። 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለአብዛኛው አትክልት ይበቃል። አፈሩ የሚያጠራጥር ከሆነ መሬቱ ላይ ሰላጣና ካሮት አትዝሩ፤ ቅጠልና ሥር ከቲማቲም ይልቅ ብረቱን ይይዛሉ።

ሌላው አደጋ መሬቱ ራሱ ነው። አሮጌ ጉድጓድ ላይ የተደረገ ክዳን ከጊዜ ብዛት ይሰምጣል። በብሪታንያ ብቻ ከ170 ሺህ በላይ የማዕድን መግቢያ ጉድጓዶች ተመዝግበዋል፣ ዝርዝሩንም የሚይዝ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት አለ። በአገራችሁ እንዲህ ያለ መዝገብ ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። አዲስ ስንጥቅ ወይም በድንገት የጎደጎደ መሬት ካያችሁ አጥራችሁ መሐንዲስ ጥሩ። ክምሩ ላይ እሳት አታንድዱ። በውስጡ የቀረው ከሰል እየተብሰለሰለ ለዓመታት ሊነድ ይችላል። የድኝ ሽታ ወይም እንፋሎት ካለ ወደዚያ ጎን አትጠጉ።

ባለቤቱ ማን ነው?

ይህ አሰልቺ ነው፣ ግን አትዝለሉት። መሬቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው? ወይስ የድሮው ኩባንያ? በቃል የተሰጠ ፈቃድ ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። በወረቀት፣ በማኅተም፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ተቀበሉ።

ሃምሳ በሃምሳ ተዋዋሉ

ማርሴል ካሮንን የተኩት ልጃቸው ዣን-ፍራንሷ ካሮን ናቸው። በ2001 ከንቲባ ሆኑ። በእሳቸው ጊዜ ከተማዋ የታወቀችበት አሠራር ስሙ «ሃምሳ-ሃምሳ» ነው። ነዋሪዎች ሐሳብ ይዘው ይመጣሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ዕቃውንና የባለሙያ እገዛውን ያቀርባል፣ ነዋሪው ጉልበቱን ይሰጣል። ማን ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ይሰፍራል።

ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፣ ደቦ ብለን ኖረናል። እዚያ አዲሱ ነገር ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ደቦው ውስጥ መግባቱ ነው። ሰው «መብራቱ ጠፋ፣ አበባው ደረቀ» ብሎ አቤቱታ ይዞ ሲመጣ «እናንተስ ምን ታዋጣላችሁ?» ይባላል። ጥያቄው መጀመሪያ ያስቆጣል። ግን ሰው በእጁ የተከለውን ችግኝ ሲነቅሉበት ዝም አይልም። ይህን ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ውሉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እነዚህን ይያዝ፦

- ምን እንደሚሠራና የት እንደሆነ
- ማዘጋጃ ቤቱ የሚያቀርበው ዕቃ በቁጥር (ጣውላው፣ አፈሩ፣ ችግኙ)
- ነዋሪው የሚሰጠው የሥራ ቀን፣ እንዲሁም የሚመሩት ሦስት ሰዎች ስምና ስልክ
- ከተሠራ በኋላ ማን እንደሚንከባከብ
- አንዱ ወገን ቃሉን ካልጠበቀ ምን እንደሚደረግ

የመጨረሻውን ነጥብ ለመጻፍ ሰው ያፍራል። ጻፉት። ጠብ የሚነሳው ባልተጻፈው ላይ ነው።

በርካሽ ሞክሩት

ሲሚንቶ ከማፍሰሳችሁ በፊት ቅዳሜና እሑድ በኖራ አስምሩ፣ የዕቃ ሳጥን ደርድሩ፣ ከየቤቱ ወንበር አምጡ። ቡና አፍሉ። ሰው የት እንደሚቀመጥ እዩ። ጥላውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ፕላኑን አይጠይቅም። ያልተቀመጠበት ቦታ ላይ ወንበር አትትከሉ።

ወንበሩን አትናቁ

አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። በማዕድን ከተማ የብዙ አዛውንቶች ሳምባ የተጎዳ ነው። ሳምባው በድንጋይ አቧራ ክፉኛ የተጎዳ ሰው 100 ሜትር እንኳ ሳያርፍ መሄድ ሊያቅተው ይችላል። ቆም ይላል፣ ግድግዳ ይደገፋል፣ መንገደኛ እንዳያየው ስልኩን የሚያይ ይመስላል። ለእሱ በየ50 ሜትሩ አንድ አግዳሚ ወንበር ካለ ከቤቱ ይወጣል፤ ከሌለ አይወጣም። መቀመጫው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው። መደገፊያ ይኑረው፣ የእጅ መደገፊያም ጭምር፣ ምክንያቱም የሚነሳው እጁን ተመርኩዞ ነው። ያለ መደገፊያ የተሠራ የሚያምር የድንጋይ አግዳሚ ለፎቶ ነው የሚሆነው።

የእንግሊዟ ካስልፎርድም የከሰል ከተማ ነበረች። በ2003 በተጀመረ የማደስ ሥራ ነዋሪዎቿ በወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራላቸው ገፉ። ድልድዩ በ2008 ተከፈተ፣ 131 ሜትር ርዝመት አለው፣ እየተጠማዘዘ ይሻገራል። ከእንጨቱ ወለል ጋር አብረው የተሠሩ መቀመጫዎች አሉበት። ሰው ለመሻገር ብቻ አይደለም የሚሄድበት፣ ወንዙን እያየ ይቀመጣል።

ከምርቃቱ በኋላ

ብዙ ሥራ የሚሞተው ሪባኑ በተቆረጠ በሁለተኛው በጋ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የውሃ ተራ አውጡ። አዲስ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት ሳይጠጣ ከከረመ አይድንም። ለየሳምንቱ ሁለት ቤት መድቡ፣ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲኖር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሦስት ይሁን፦ አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዱ ከቦታው ፊት ለፊት ባለው ቤት፣ አንዱ ለልጆች ቅርብ በሆነ ሰው እጅ። ባልዲው፣ አካፋውና የውሃ ጎማው በስም ይመዝገብ። ዝርዝሩን በላስቲክ ሸፍናችሁ ከዕቃ ቤቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት፣ የዚህ ሳምንት ባለተራዎችን ስም ከላይ በትልቁ ጻፉ።