ቀበናና መሰሎቹ፦ የከተማ ጅረት ችግር ከምልክቱ እስከ መፍትሔው

ቀበናን የመሳሰሉት የአዲስ አበባ ጅረቶች ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋን ያቋርጡና በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ በአጭር ርቀት ስለሚወርዱ፣ ተዳፋቱ ላይ የተፈጸመ ጥፋት ታች ለመታየት ጊዜ አይወስድበትም። ስለዚህ መርማሪው ምልክቱን ካየበት ቦታ ተነሥቶ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ይሂድ፤ ምልክቱ ከጠፋ ምንጩን አልፎት መጥቷል ማለት ነው።

ምልክት፦ በበጋ ውኃው ጠቁሮ ይሸታል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ለዝናብ ውኃ በተሠራ ቦይ የተለቀቀ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ስለሚያቀጥነው ልብ አይባልም፤ በጥርና በየካቲት ግን ከምንጭ የሚመጣው ውኃ ስለሚያንስ ፍሳሹ ይበረታል፣ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ተሕዋስያንም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዝናብ ከቆመ ሳምንት አልፎት አሁንም የሚሸት ውኃ የሚያፈስ ቦይ ከተገኘ፣ መስመሩን እስከ መነሻው ተከትሎ መፈተሽ ያስፈልጋል። መፍትሔው መስመሩን ከፍሳሽ ማስወገጃ መረብ ጋር ማገናኘት፣ መረቡ ባልደረሰበት ሰፈር ደግሞ የማያሰርግ ጉድጓድ ሠርቶ በወቅቱ በመኪና ማስመጠጥ ነው። ዳርቻውን በችግኝ ማስዋብ ይህን አይተካም። አቃቂ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚለማው በዚሁ ውኃ ስለሆነ ነገሩ የገበታችን ጉዳይ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም የተባለ ብረት ደግሞ በመብላላት ስለማይጠፋ ከግቢው ሳይወጣ መጣራት አለበት።

ምልክት፦ ጥቂት ዝናብ ሲጥል ደፍራሽ ጎርፍ ይደርሳል።

ጣሪያና አስፋልት ውኃው ወደ መሬት እንዳይሰርግ ይከለክሉታል፤ ድፍርሱ ግን በአመዛኙ ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር ሲሆን፣ መጨረሻው የአባ ሳሙኤል ደለል ነው። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር የወደቀው ቅጠል ለማገዶ ሲጠረግ የዝናቡ ጠብታ ባዶ አፈር ይመታል። ሥራው ከላይ ይጀመር፦ እርከን፣ ውኃ ማስረጊያ ቦይ፣ በቦረቦሩ ውስጥ ተከታታይ ክትር፣ ከዚያም ጥድ፣ ወይራና ኮሶ። ቅጠል ለቅመው የሚያድሩት እናቶች ሌላ ገቢ ካላገኙ ክልከላ ብቻውን አይጸናም፤ እኔ ይህን ከክትሩ እኩል አየዋለሁ።

ምልክት፦ ዳርቻው ይናዳል።

በመጀመሪያ ወደ ጅረቱ የተደፋ የግንባታ አፈር መኖሩን ይመልከቱና ያስነሡ፤ መተላለፊያው የጠበበ ውኃ ዳሩን ይቦረቡራልና። ጋቢዮን፣ ማለትም ዳሩን የሚደግፍ ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን፣ የሚሠራው የላይኛው ጎርፍ ከቀነሰ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተሠራ ኃይሉን ወደ ማዶው ቤት ይገፋዋል።