ስቱዲዮና የሰፈር አዳራሽ በአንድ ግቢ፦ አዲስ አበባ መሀል ላይ ለሚገነቡ

ንድፍ ከማስነሳታችሁ በፊት ቦታው ላይ ሦስት ሌሊት ድምፅ ለኩ። ለመነሻ የስልክ መተግበሪያ ይበቃል። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ከሆነ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ያለውን አትዝለሉት፤ የቅዳሴውና የአዛኑ ድምፅ ማጉያ፣ የማለዳ ሚኒባሶችም የሚሰሙት ያን ጊዜ ነው። ከውጭ ከሚገባው ይልቅ ግን የሚወጣው ያሳስባል። በአገራችን መለኪያ በመኖሪያ ሰፈር ሌሊት የሚፈቀደው 45 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሲሆን፣ ከበሮና ቤዝ ያለው የሙዚቃ ባንድ ግን በክፍሉ ውስጥ በቀላሉ 105 ይደርሳል። ስለዚህ ግድግዳ፣ በርና ጣሪያ አንድ ላይ 60 ዴሲቤል ማስቀረት አለባቸው። ይህን ቁጥር መሐንዲሱ ገና ከመጀመሪያው ይወቀው፤ ከልስን በኋላ የሚጨመር ነገር አያመጣውም።

አዳራሹንና ስቱዲዮውን ግድግዳ አታጋሯቸው። በመካከላቸው የእድሩ ወንበር፣ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበትን ዕቃ ቤት አስገቡ። መጸዳጃው ወደ አዳራሹ ይጠጋ፤ የውኃ ቱቦ በስቱዲዮ ግድግዳ ውስጥ ካለፈ እያንዳንዱ ፍሳሽ ቀረጻ ላይ ይሰማል። ለ120 ተቀማጭ 12 በ9 ሜትር፣ ቁመቱ 4.5 ሜትር የሆነ አዳራሽ ይበቃል። ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት መውጫዎችና ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ይኑሩት።

የቀረጻ ክፍሉን አራት ማዕዘኑ እኩል አታድርጉት። 3.6 በ3.6 የሆነ ክፍል 48 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያጎላው፣ ቤዙ አንዱ ጥግ ያገሳል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል። ከልስን በኋላ ቁመቱ 2.8፣ ወርዱ 3.6፣ ርዝመቱ 4.3 ሜትር ይሁን።

አሁን ዋናው፣ የቀረጻ ክፍሉ ግድግዳ። ድምፅን የሚያስቆሙት ክብደትና መለያየት ናቸው። የውጩን በ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ገንብታችሁ ቀዳዳውን በቀጭን አርማታ ሙሉ፤ የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ከ250 ወደ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚወጣ መሠረቱ ለዚህ ይሰላ። 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትታችሁ የውስጡን በ15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ሥሩ፤ ለ44 ካሬ ሜትር 550 ብሎኬት ይገባል፣ ለስብራት 30 ጨምሩ። ክፍተቱ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ሮክ ዉል (ከድንጋይ ጭረት የሚሠራ ድምፅ የሚውጥ ንጣፍ) ይቁም። ሁለቱን የሚያያይዝ ሽቦም ፌሮም አይኑር።

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ግንበኛው ሲደረድር የሚወድቀው ሲሚንቶ ክፍተቱ ውስጥ ይጠራቀምና ሁለቱን ግድግዳ አንድ ያደርጋቸዋል፤ የወጣው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ክምር ሲሚንቶ ከንቱ ይቀራል። 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በሁለት ሽቦ አንጠልጥላችሁ ክፍተቱ ውስጥ አውርዱ፣ በየሦስት ረድፉ ሳቡት፣ ጠርጋችሁ መልሱት። ሮክ ዉሉም ጣውላው ካለፈ በኋላ በየደረጃው ይገባ። ሁለቱ ግድግዳዎች ስለማይደጋገፉ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የአርማታ ማሰሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ አይረሳ።

ወለሉም እንዲሁ ይለያል፦ ጠጣር ሮክ ዉል 5 ሴንቲ ሜትር፣ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከዚያ 8 ሴንቲ ሜትር አርማታ፣ ዙሪያውን ከግድግዳው በ1 ሴንቲ ሜትር ርቆ። የክፍሉ ጣሪያ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ብቻ የሚያርፍ የ12 ሴንቲ ሜትር አርማታ ይሁን። ቆርቆሮው ከእሱ በላይ ስለሚቀር የነሐሴ ዝናብ ቀረጻ አያስቆምም። ለአዳራሹ ከቆርቆሮው ሥር በሁለት ንብርብር ጂፕሰም ቦርድና 10 ሴንቲ ሜትር ሮክ ዉል ይበቃል።

በሩ ሁለት ይሁን፣ በመካከላቸው 1.5 ሜትር መተላለፊያ፤ እያንዳንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ድፍን እንጨት፣ ዙሪያውን ከነደፉ ጎማ የተገጠመለት። ከግድግዳው ስፋት አንድ መቶኛው ክፍት ከቀረ የቀረው ምንም ያህል ቢከብድ ከ20 ዴሲቤል በላይ አይከላከልም።

የእንቁላል ትሪ አትለጥፉ። ቀላል ስለሆነ ድምፅ አያስቆምም፣ ቶሎ ስለሚቀጣጠል ደግሞ ሰው ይፈጃል። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ለመቀነስ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሰጥታችሁ በታጠበ የበግ ፀጉር ሙሉት፣ ፊቱን በጆንያ ሸፍኑት፣ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ስቀሉት። ያረጀ የመንዝ ባናም በድርብርብ ይሠራል። ፀጉሩ ቅባቱ እስኪለቅ ካልታጠበና በቦሪክ አሲድ ካልተነከረ ብል በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል።

አዳራሹ 486 ሜትር ኩብ ነው። ሰው ሞልቶ ጥሩ የሚሰማ አዳራሽ ባዶውን ያስተጋባል፤ 120 ሰው ራሱ 54 ካሬ ሜትር ድምፅ መጣጭ ገጽ ያህል ይውጣል። 56 ፍሬም ብትሰቅሉ የማስተጋባቱ ጊዜ ባዶው 1.7፣ ሙሉው 0.8 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ለስብሰባም ለማሲንቆም ይስማማል። ያለ ፍሬም ባዶው 5 ሰከንድ ስለሚያስተጋባ የሰብሳቢው ንግግር አይለይም።

የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነውና ኤርኮንዲሽነር አያስፈልግም፤ ንጹሕ አየር ግን ለአንድ ሰው በሰከንድ 8 ሊትር ይግባ። ለአዳራሹ ከታች በሰሜን በኩል 2 ካሬ ሜትር መግቢያ፣ ከላይ ተመሳሳይ መውጫ ይኑር፤ አየሩ ውስጡን በሮክ ዉል በተሸፈነ፣ ሁለት ጊዜ በታጠፈ 3 ሜትር ቦይ ይለፍ፣ አለዚያ ድምፁም አብሮ ይወጣል። ለቀረጻ ክፍሉ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቦይ ለ6 ሰው ይበቃል፤ ከዚህ ከጠበበ ነፋሱ ማይክሮፎን ላይ ይፏጫል።

ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ጄኔሬተር 10 ኪሎ ቮልት አምፒር ቢባልም እዚህ ወደ 7.5 ይወርዳል፤ አምፕሊፋየሮችም ቶሎ ይሞቃሉ፣ በመደርደሪያ መካከል ክፍተት ተዉላቸው። ስቱዲዮውን ከሶላር አብሉት፦ 700 ዋት ለ6 ሰዓት 4.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 2 ኪሎ ዋት ሰሌዳ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ አዘንብላችሁ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ጋር አገናኙ። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ከመብራት ኃይል ይቀጥል። ኤርዙ (መሬት ውስጥ የሚቀበረው የኤሌክትሪክ መስመር) ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ሁለት ቦታ ከተቀበረ ቀረጻው ላይ ያለማቋረጥ ይሰማል፣ የሚያጉረመርመው የ50 ኸርዝ ድምፅ።

የ150 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 3,600 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ከአሸንዳው የሚወርደውን የመጀመሪያ 150 ሊትር ጣሉት፣ የቀረውን በሁለት የ5,000 ሊትር ሮቶ ለመጸዳጃና ለአትክልት ያዙ። በበጋ ይህ ውኃ ያልቃልና የከተማውን መስመር አትዝጉ።

ፍሬሞቹን ከመስቀላችሁ በፊት ሙከራ አድርጉ። ማታ ውስጡን አጨልማችሁ ከውጭ በጠንካራ ባትሪ እያበራችሁ ዙሩ፤ ብርሃን በሚታይበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅም ይወጣል፤ በሲልከን ዝጉት። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ከበሮ ይምታ፣ ሌላው በጎረቤት ደጃፍ ላይ ይለካ። ከ45 ዴሲቤል ካለፈ መጀመሪያ የበሩን ሥር ተመልከቱ።