ቁንጭር ሲጠረጠር፦ ከመተኮስ በፊት ጠርዙ ይመርመር

አፍንጫ፣ ጉንጭ ወይም ጆሮ ላይ የወጣ፣ የማያምና የማያሳክክ እብጠት ከወር በላይ ከቆየ፣ በጎንደር ደጋና ወይና ደጋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁንጭር (የቆዳ ሊሽማኒያሲስ) ነው። መንደሩ ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደል አጠገብ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ተውሳኩን ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ በድንጋይ ስንጥቅና በዋሻ ትጠለላለችና። የውስጥ አካልን የሚያጠቃው የመተማና የሁመራ ቆላ ካላዛር ሌላ በሽታ ነው።

እባካችሁ በጋለ ብረት አትተኩሱት፤ ቅጠልም አታድርጉበት። ቃጠሎው ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፣ ጠባሳውን ያሰፋል። መግል የያዘ ቁስል ናሙናውንም ያበላሻል፤ ስለዚህ ቀድሞ መግሉ ይታከማል።

ናሙና ላይ የሚበዛው ስሕተት ከቁስሉ መሃል መውሰድ ነው። መሃሉ የሞተ ሥጋ ነው፤ ተውሳኩ የሚገኘው በሚያብጠው ጠርዝ ነው። ቅርፊቱ በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) ርሶ ይነሳል፤ ጠርዙ በአልኮል ይጸዳና እስኪደርቅ ይጠበቃል። በአውራና በሌባ ጣት ደሙ እስኪሸሽ ጥብቅ አድርጎ ቆንጥጦ፣ በቁጥር 15 ምላጭ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የስንጥቁ ግድግዳ ይፋቃል። ቁንጠጣው ከላላ ደም ይገባና ስላይዱን (በማይክሮስኮፕ የሚታየውን መስታወት) ማንበብ ያስቸግራል። የተፋቀው ቢያንስ ሁለት ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በሜታኖል እንዲጣበቅ ተደርጎ በጊምሳ ቀለም ይቀለማል።

«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፤ ይደገም፣ ካልሆነም ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ ትንሽ ሥጋ) ይወሰድ። ባዮፕሲ ካንሰርንም ይለያል፦ ጠርዙ የደነደነና ሲነካ የሚደማ ቁስል፣ በተለይ አልቢኒዝም ባለበት ሰው ፊት ወይም በአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ከወጣ፣ እንዲሁም ውስጥ እግር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ቀን አይሰጠውም። ቆዳው ስሜት ካጣ ደግሞ የሥጋ ደዌ ይታሰብ።

ትንንሽና ጥቂት ቁስሎች በየሳምንቱ ጠርዛቸው ላይ በሚወጋ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን ይታከማሉ፤ ናይትሮጅኑ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው እንደሚችል አስቀድሞ ይነገር። ከተሰራጨ ወይም ወደ አፍንጫ ውስጥና ከንፈር ከገባ ለመላ ሰውነት የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ሚልቴፎሲን 28 ቀን ይዋጣል፣ ለነፍሰ ጡር ግን ክልክል ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሊሽማኒያሲስ ሕክምና ማዕከል አለ። የደጋው ቁንጭር ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ብዙዎች ከሁለት መርፌ በኋላ ቅርፊቱ ሲረግፍ ያቋርጣሉ፣ ጠርዙ ግን ገና እንዳበጠ ነው። መዳኑ የሚታየው ጠርዙ ከጤናማው ቆዳ ጋር ሲተካከል ነው፤ ለዚህም ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መታየት ግድ ነው።