የጤና ሳይኮሎጂ ማስተርስ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ተማሪዎች ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁን ላስቀድም። ታማሚው መድኃኒቱን ካቋረጠ «ግንዛቤ ስለሌለው ነው» ብሎ መደምደም። ነርስም ሆናችሁ ጤና መኮንን፣ ከሳይኮሎጂም ብትመጡ፣ ክፍል የምትገቡት ይህን እምነት ይዛችሁ ነው። ሰው ካወቀ ይለወጣል የሚል። ቢሆንማ ኖሮ ሲጋራ የሚያጨስ ሐኪም ባልኖረ።

እስቲ ከባቲ ደሴ ድረስ ለክትትል የሚመጡ አንዲት የስኳር ታማሚ እናትን አስቡ። ኢንሱሊን ለምን እንደሚወስዱ ያውቃሉ፣ ምናልባትም ከእናንተ እኩል። ግን ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ቤታቸው ደግሞ ፍሪጅ የለም፣ ባቲም ሞቃት ነው። የትራንስፖርቱን ገንዘብ የሚሰጣቸው ልጃቸው ነው፣ እሱ ሥራ ሲፈታ ቀጠሮው ያልፋል። ረመዳን ሲገባ ሐኪሙ «አይጹሙ» ይላቸዋል፣ እሳቸው «እሺ» ብለው ይወጡና ይጾማሉ፣ መጠኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ማስተካከል እንደሚቻል የነገራቸው ስለሌለ መርፌውን ራሳቸው ይቀንሱታል። እንግዲህ እዚህ ላይ ብሮሸር ምን ይሠራል? የጎደለው ሌላ ነው፤ ማቀዝቀዣ፣ ገንዘብ፣ ሳያፍሩ የሚያወሩት ሰው። ሸክላ ውስጥ ውሃና አሸዋ አድርጎ ኢንሱሊን ማቀዝቀዝ እንደሚቻል ማሳየት ከአሥር ሌክቸር ይበልጣል።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ፤ ሞዴልን ለጌጥ መጠቀም። ካለፈው ዓመት ቴሲስ ላይ ሄልዝ ቢሊፍ ሞዴልን (ሰው ለጤናው የሚያደርገውን ስለ ሕመሙ ካለው እምነት ተነስቶ የሚያስረዳውን ሞዴል) ይገለብጡና ምዕራፍ ሁለት ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ አይታይም። ይህ ሞዴል እኮ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተወለደው «የሳንባ ነቀርሳ ራጅ በነፃ እየሰጠን ሰው ለምን አይመጣም?» ከሚል የሥራ ጥያቄ ነው። እናንተም ከጥያቄ ጀምሩ፣ ሞዴሉን ጥያቄው ይመርጠዋል። ሰውየው «አልችለውም» ካለ የሳይኮሎጂ ሊቁን የባንዱራን የ1977 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ አንብቡ፣ ስለ ራስ ብቃት እምነት የጻፈውን። ሕመሙን በራሱ መንገድ የሚያስረዳ ከሆነ ደግሞ ሰዎች ሕመማቸውን እንዴት እንደሚረዱት ያጠናው ሌቨንታል ይጠቅማችኋል፤ ምን ይሉታል፣ ከምን መጣ ይላሉ፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ምን ያስከትላል፣ በምን ይድናል። ወሎ ውስጥ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በጣም ሀብታም ነው። ጠበል የሚሄድ አለ፣ ዱዓ የሚያስደርግ አለ፣ ሁለቱንም ከክሊኒኩ ጋር አብሮ የሚያስኬድ ብዙ ነው። ጠበሉን ወይም ዱዓውን እንደ ጠላት ካያችሁት ታማሚው ይደብቃችኋል። የሚያስፈልጋችሁ መረጃ አንድ ነው፦ ክኒኑን አቁሟል ወይስ አላቆመም?

አሁን ወደ ዳታው። መድኃኒት ማቋረጥን እናጠናለን ብለው ክትትል ክፍል በር ላይ የሚቆሙ አሉ። እዚያ የሚገኘው ግን ያላቋረጠው ሰው ነው! የጠፋውማ ጠፍቷል፣ ኩታበርም ይሁን ሐይቅ ቤቱ ተቀምጧል። መዝገብ ተመልከቱ፣ ቀጠሮ ያለፋቸውን ለዩ፣ በፈቃድ በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ድረሱባቸው። ትንሽ ቁጥርም ቢሆን ከእነሱ የምትሰሙት ነገር ቴሲሳችሁን ይለውጠዋል። ጠያቂው ነጭ ጋውን ለብሶ «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ካለ ደግሞ መልሱ ይታወቃል። ጋውኑን አውልቁ። «ብዙ ሰው አንዳንዴ ይዘለዋል፣ እርስዎስ ጋሼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከከሚሴ ወይም ከአፋር ለመጣ ታማሚ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ አባት በልጁ ፊት የማይናገረው ነገር አለ።

መጠይቅ ስትመርጡም ተጠንቀቁ። ታማሚው መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱን የሚለካው ባለ 8 ጥያቄው የሞሪስኪ መለኪያ በየቴሲሱ አለ፣ ግን ባለቤት አለው፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያለ ፈቃድ ተጠቅመው የታተመ ጽሑፋቸውን እስከማንሳት የደረሱ ተመራማሪዎች አሉ። ፈቃዱን አስቀድሙ ወይም ነፃ መለኪያ ፈልጉ።

ፕሮግራም ሲመረጥ ስሙን ብቻ አይቶ መመዝገብም አለ። ካሪኩለሙን ጠይቁ፦ ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ አለው? ስንት ሳምንት? ማን ይቆጣጠራችኋል? ሲያልቅ በየትኛው የሥራ መደብ ትቀጠራላችሁ? ጤና ሳይኮሎጂ ሳይካትሪ አይደለም፣ መድኃኒት ማዘዝ አያስተምራችሁም። ይህን ሲመረቁ የሚሰሙ ልጆች ያሳዝኑኛል።

የመጨረሻው ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ ስለ ድብርትና ስለ ጦርነት ጠባሳ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ መኖሩ ተገቢ ነው፣ ያስፈልጋልም። ግን ተፈናቃይ ጋ ሄዶ፣ የሞተ ልጁን አስታውሶት፣ ፎርም ሞልቶ መሄድ ግፍ ነው። ፒኤችኪው ናይን የሚባለው የድብርት መጠይቅ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሞትን ወይም ራስን መጉዳትን ይጠይቃል። አንዲት እናት «አዎ፣ በየቀኑ» ብትል ምን ታደርጋላችሁ? ውጤት ደምሮ ወደ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ማስገባት መልስ አይደለም። ፕሮፖዛሉ ላይ ከሥነ ምግባር ኮሚቴ በፊት ጻፉት፦ በዚያው ቀን የሚደወልለት ባለሙያ ማን ነው፣ ወደየትኛው ሆስፒታል ይላካሉ፣ ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል፣ እስኪደርሱ አብሯቸው የሚቆየው ማን ነው። ዳታ ሰብሳቢዎቹም ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ይህችን ክፍል ብቻዋን ደጋግመው ይለማመዷት።