ለቤት ውስጥ ንግድ ገንዘብ ስትቀበሉ ድርሻውን በመቶኛ ተዋዋሉ

በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ወይም ልብስ ሰፍተው ከቤታቸው የሚሸጡ ብዙ እናቶችና እህቶች መነሻ ገንዘብ የሚያገኙት ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ነውና፣ ውሉ ከወለድ የጸዳ እንዲሆን ከመጀመሪያው መጠንቀቅ ይገባል። 20,000 ብር የሰጠ ሰው «በየወሩ ቁርጥ ያለ 1,000 ብር ስጡኝ» ቢል፣ ትርፍ ኖረም አልኖረም የሚከፈል በመሆኑ፣ ስሙ ሽርክና ቢባልም እንኳ በሸሪዓ ተቀባይነት የለውም። በሙዳረባ (አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ሥራ አዋጥቶ ትርፉን በሚካፈሉበት ውል) ግን ከተጣራው ትርፍ ለምሳሌ 60 በመቶው ለምትሠራው፣ 40 በመቶው ለባለገንዘቡ እንዲሆን አስቀድሞ ይወሰናል፤ ኪሳራ ቢደርስ ደግሞ፣ የእርሷ ጥፋት ወይም ቸልተኝነት እስካልሆነ ድረስ፣ ገንዘቡ የሚጎድለው ከባለገንዘቡ ሲሆን እርሷ ድካሟን ታጣለች። ይህን ሳይነጋገሩ መጀመር ቤተሰብ ያቀያይማል።

ስለዚህ ውሉን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ በምስክር ፊት ፈርሙ፤ የቁርኣን ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ዕዳን መጻፍንና ምስክር ማቆምን በዝርዝር ያዛል። የዛላውን፣ የቅመማ ቅመሙን፣ የወፍጮውንና የማሸጊያውን ወጪ በየቀኑ መዝግቡ፤ ከንግዱ ገንዘብ ለቤት አስቤዛ የተወሰደች 50 ብር እንኳ ካልተጻፈች ትርፉን በሐቅ ማካፈል አይቻልም።