በጽሑፍ መሀል የገባ የቀመር ምስል ከመስመሩ ጋር እንዲገጥም

የሂሳብ ፈተና ወይም ሃንድአውት በኮምፒውተር ያዘጋጀ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ዓረፍተ ነገሩ ደህና እየሄደ መሀል ላይ የገባው ቀመር ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ። የሚያነበው ተማሪ ዓይኑ በየመስመሩ ይደናቀፋል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም መፍትሔው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፦ ወርድ ላይ ቀመሩን ራሳችሁ መጻፍ ከቻላችሁ ምስል አታስገቡ። አልት እና የእኩል ምልክቱን አንድ ላይ ስትጫኑ የቀመር መጻፊያው ይከፈታል፣ ከመስመሩ ጋርም በራሱ ይገጥማል። ይሄ ጽሑፍ ቀመሩ በምስል መልክ ብቻ ላላችሁ ነው።

ፊደሎች የሚቆሙባት የማትታይ መስመር አለች፣ ቤዝላይን ትባላለች። ደብተር ላይ ስንጽፍ ፊደሉን እንደምናስቀምጥባት መስመር ማለት ናት። ወርድም ሆነ ጉግል ዶክስ በጽሑፍ መሀል ምስል ሲገባ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቁም፤ የምስሉን የታችኛውን ጠርዝ ቤዝላይኗ ላይ ያሳርፉታል፣ በቃ። ምስሉ ኤክስ ስኩዌር ብቻ ከሆነ ችግር የለም፣ የኤክስ እግር የምስሉ ግርጌ ላይ ነው። ዋይ ሲሆን ግን ጭራው ከመስመሯ በታች መውረድ ሲገባው መስመሯ ላይ ያርፍና ዋይ ራሱ ይሰቀላል። ክፍልፋይ ደግሞ ይብሳል፤ ታህቱ አብዛኛው ከመስመሯ በታች መሆን ነበረበት።

ከቤዝላይን በታች መውረድ ያለበት ክፍል ጥልቀት ይባላል፣ ላቴክ የሚባለውን፣ ቀመርና ጽሑፍ በትእዛዝ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ዴፕዝ የሚሉት ማለት ነው። ምስሉን በጥልቀቱ ልክ ዝቅ ካደረጋችሁት ይገጥማል።

ብዙ ሰው ግን ይሄን ትቶ ምስሉን ከጽሑፉ ጋር መሀል ለመሀል ያደርገዋል። ክፍልፋይ ላይ ጥሩ ይመስላል፣ ምክንያቱም የክፍልፋዩ ሰረዝ የሚቀመጠው በመቀነስ ምልክቱ ከፍታ ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ለፊደሉ መሀል ይቀርባል። ኤክስ ስኩዌር ላይ ግን ያው ዘዴ ኤክሱን ከመስመር በታች ይጎትተዋል። ስለዚህ መሀል ለመሀል የሚለውን እርሱት፣ ግምት ነው።

ጥልቀቱ ከየት ይገኛል? ምስሉን በላቴክ የምታወጡ ከሆነ ዲቪአይፒኤንጂ የሚባለው ፕሮግራም ዴፕዝ በሚለው ትእዛዝ ለየምስሉ በፒክሰል ይነግራችኋል። ያንን ወደ ፖይንት፣ የፊደል መጠን ወደሚለካበት አሃድ፣ መቀየር ነው የሚቀረው። ለምሳሌ ምስሉ 60 ፒክሰል ቁመት አለው እንበል፣ ከዚያ ውስጥ 18ቱ ከቤዝላይን በታች ነው። ዶክመንቱ ላይ ያስገባችሁት በ15 ፖይንት ቁመት ነው። 18ን ለ60 አካፍሉ፣ 0.3 ይመጣል። በ15 ስታባዙት 4.5 ፖይንት። ምስሉ መውረድ ያለበት ይሄን ያህል ነው።

ወርድ ላይ መጀመሪያ ምስሉ ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት፣ ማለትም እንደ አንድ ፊደል መስመሩ ውስጥ የገባ፣ መሆኑን እዩ። ከዚያ ምስሉን ምረጡት፣ ኮንትሮልና ዲ ተጫኑ፣ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ፖዚሽን ላይ ሎወርድ ምረጡና 4.5 ጻፉ። ይሄ የፎንት መስኮት ስለሆነ ለምስል የሚሠራ አይመስልም፣ ግን ይሠራል። ሊብሬ ኦፊስ ላይ ምስሉን አንከር አዝ ካራክተር ታደርጉና ፖዚሽን ውስጥ ፍሮም ቦተም፣ ከቤዝላይን አንጻር፣ ቁጥሩን በኔጋቲቭ ትሰጡታላችሁ። ኢማክስ የሚባለው የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም የሚቀበለው ከመስመር በላይ ያለውን በፐርሰንት ነው፣ አሴንት ይባላል፤ ለዚህ ምስል 70 ይሆናል። ጉግል ዶክስ ላይ እንዲህ በፖይንት ማውረጃ ስለሌለ እዚያ የራሱን የቀመር መጻፊያ ተጠቀሙ።

ሃምሳ ቀመር ካለ ለየብቻ ማስላት ያደክማል። እኔ የምወደው መላ ይሄ ነው፦ ላቴክ ላይ በየቀመሩ ውስጥ ስትረት የሚባለውን ትእዛዝ ጨምሩ። ስትረት የማይታይ ምሰሶ ነው፤ ከቁመቱ 70 በመቶው ከመስመር በላይ፣ 30 በመቶው ከመስመር በታች። ከምሰሶው የማያልፉ ቀመሮች ሁሉ አንድ ቁመት፣ አንድ ጥልቀት ይኖራቸዋል። ወርድ ላይ አንድ የካራክተር ስታይል ፈጥራችሁ ዝቅታውን እዚያ መዝግቡና ለሁሉም ምስል ስጡ። ምስሉ ሲቆረጥ ግን በሳጥኑ ልክ ይሁን፣ ማለትም ምሰሶውን ጨምሮ ላቴክ ለቀመሩ በያዘው ቦታ ልክ፤ በሚታየው ቀለም ልክ ከተቆረጠ ምሰሶው ስለማይታይ አብሮ ይጠፋል። ትልልቅ ክፍልፋዮችንና የድምር ምልክት ያለባቸውን ለብቻ አስሏቸው።

ቁጥሩን ጨርሶ ማግኘት ካልቻላችሁ ከምስሉ ጎን አንድ የላቲን ኤክስ ጻፉ፣ ገጹን 400 ፐርሰንት አጉሉ፣ የሁለቱ እግር እስኪስተካከል በግማሽ ግማሽ ፖይንት አውርዱ። ከዚያ ኤክሱን አጥፉት።

በአማርኛ ስንጽፍ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ትንሽና ትልቅ ብሎ ስለማይለይ ቁመቱ ለላቲን ትልልቅ ፊደላት ይቀርባል፣ ስለዚህ በ12 ፖይንት አማርኛ መሀል የገባ የ12 ፖይንት ትንሽ ኤክስ የኮሰሰ ይመስላል። ትንሽ ማሳደግ ነውር የለውም። ግን ሁሉንም ቀመር በእኩል አሳድጉ፣ አንዱ 13 ሌላው 15 ከሆነ ዝቅታው ቢገጥም እንኳ ገጹ ይዝረከረካል።

የመስመር ርቀቱንም እዩት። ወርድ ላይ ኤግዛክትሊ ከተባለ የምስሉ አናት ተቆርጦ ይጠፋል፣ ብዙዎች ምስሉ የተበላሸ ይመስላቸዋል። አት ሊስት በሉና ለ12 ፖይንት ጽሑፍ 18 ገደማ ስጡት፤ ቀመር ያለበትና የሌለበት መስመር እኩል ይራራቃሉ።

የፎንት መጠን ደግሞ ከሁሉም በፊት ይወሰን። በኋላ ከ12 ወደ 14 ብትቀይሩት ጽሑፉ ያድጋል እንጂ ምስሉ አያድግም፣ ምስሉን በእጅ ብታሳድጉትም የሰጣችሁት 4.5 ባለበት ይቀራል፤ በዚያው መጠን እሱንም አባዙት።