ገበሬውን በስልክ ከድህነት እናወጣለን ለምትሉ፣ እነዚህን ተዉ

አንደኛ፣ አፕ መስራት። እረ ስንቱን የአፕ ምረቃ አየን! አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ገበሬው ከወምበርማ ከጃቢ ጠህናን ይጠራል፣ ልጁ የበቆሎ ዋጋ በፕሮጀክተር ያሳይና "ከፕሌይስቶር አውርዱት" ይላል። አንዴ አንድ አባት ቁልፍ ስልካቸውን ከኮታቸው አውጥተው "ልጄ፣ በዚች ይገባል?" አሉት፣ ልጁ ሳቀ፣ እኔ ግን ንድድ አልኩ፣ ይሄ እኮ ፕሮጀክቱ ሳይጻፍ መጠየቅ የነበረበት ነው! ኬንያ ኤም-ፔሳ የሚባለውን የስልክ ገንዘብ መላኪያ በፈረንጆች 2007 የጀመረችው በቁልፍ ስልክ ነው። ሱሪ እና ጃክ የተባሉት ተመራማሪዎች በፈረንጆች 2016 ባወጡት ጥናት 194 ሺህ ቤተሰብ ከከፋ ድህነት ወጣ ያሉትም በዚሁ አገልግሎት ነው፣ የለኩትም ሰው ቤቱ አቅራቢያ ብር የሚያስገባና የሚያወጣ ስንት ወኪል እንዳለው እንጂ ስልኩ ላይ ምን አፕ እንዳለ አይደለም። እኛም ጋ የቴሌብር *127# ያለ ዳታ ይሰራል። በእኛ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያ ሁሉ አፕ የት ገባ? ደግሞ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ምክር ከሆነ 8028 የሚባለው የገበሬ ስልክ መስመር በነጻ በአማርኛ ይመልሳል፣ አዲስ ከመስራታችሁ በፊት እሱን አስተዋውቁ።

ወኪሉ ጋ ጥሬ ብር መኖሩን አለማየት። በርበሬ ሸጣ የመጣችን ሴት በገበያ ቀን "ነገ ነይ" ካላት ሁለተኛ አትመለስም።

ፒን ደግሞ፣ "ማንበብ አይችሉም" እያላችሁ ለወኪሉ ጮክ ብለው ሲነግሩት ዝም አትበሉ። ብር ቆጥረው የሚሸጡ ሰዎች ቁጥር ያጣሉ? ቁጭ ብላችሁ አለማምዷቸው፣ "ተሸልመዋል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" የሚል ሌባ ሲደውል የሚያድናቸው ያ ነው።

ሲሙን በባልየው ስም ብቻ ማውጣት። የእንቁላሉ የቅቤው ብር የሷ ነው፣ በኬንያውም ጥናት ይበልጥ የተጠቀሙት በሴት የሚመሩ ቤቶች ናቸው።

በእርሻ ቀን ስልጠና ጠርታችሁ "ፍላጎት የላቸውም" ብላችሁ ሪፖርት አትጻፉ። በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ኑ፣ ሞፈር የሚነካ የለም።

የዋጋ ሜሴጅ ላኪዎች፣ እናንተም አላችሁ። ሰኔ ላይ በቆሎ እንደሚወደድ ገበሬው ከናንተ በፊት ያውቃል፣ የማዳበሪያ ብድሩን ጥር ላይ ክፈል ከተባለ ግን ምን አቆይቶ ይሸጣል፤ ሜሴጁን ከመላካችሁ በፊት ዕዳው መቼ እንደሚደርስ ጠይቁት።